ሁለት ፊደል በአንድ ቀንበር

ከሞጣ ተዛውራ የመጣችውን መምህርት ዓይኗን ማየት ያስጠላኝ የጀመረው፣ ልጄ እቤት ውስጥ እሷን ማንሳት ስታበዛ ነው። እስከዚያ ድረስ ከሴትዮዋ ጋር ምንም አልነበረኝም። እንዲያውም ቢቸና በገባች ሰሞን የኪራይ ቤት እስክታገኝ የከረመችው እኛ ዘንድ ነው። የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሙስሊሞች ስለሆኑ በሥጋ እንዳትሳቀቅ ብዬ ሽሮና ምስር ስሠራላት ሰነበትኩ። እሷም ከገበያ ስትመለስ ለልጄ ብርቱካን ሳትይዝ ገብታ አታውቅም። ያን ጊዜ ደግ ናት አልኩ፤ በኋላ ግን ብርቱካኑም ጭምር ያንገበግበኝ ጀመር።

ሁለታችንም የምናስተምረው ሦስተኛ ክፍል ነበር፤ እኔ «ሀ»ን፣ እሷ «ለ»ን። ዳይሬክተራችን የመምህር ልጅ እናቱ ክፍል ገብቶ አይማርም የሚል የራሱ ደንብ ስለነበረው ልጄ ለእሷ ደረሰች። ቅር ቢለኝም ዝም አልኩ። በስብሰባ ላይ «ጓድ ዳይሬክተር፣ ልጄ ወደኔ ትዛወርልኝ» ብል፣ የግል ጥቅም አሳዳጅ ተብዬ ሂስ ሊወርድብኝ ነው።

የልጄ አባት ሰሜን ዘምቷል። እቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ስለዚህ ለራሴ አንድ ቃል ገብቼ ነበር፤ የማንም ክፍል ትግባ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የምትማረው ከእኔ ነው። የመጀመሪያዋን ቃል ስታነብ አፏን የማየው እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ዓመት ከዚያ ሌላ የምጠብቀው ደስታ አልነበረኝም።

እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ የሚጀመረው ሦስተኛ ክፍል ላይ ነበር። ነጠላ ፊደሎቹን ልጆቹ ቶሎ ጨረሷቸው። ችግሩ የመጣው ሁለት ፊደል ተጣምሮ አንድ ድምፅ የሚሰጥበት ላይ ስንደርስ ነው። አብዛኞቹ ከየኔታ እግር ሥር ተነሥተው የመጡ ልጆች ናቸው፤ ዳዊት የደገሙም አሉባቸው። ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ፣ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ብለው ነው ያደጉት። ኤስና ኤችን ጎን ለጎን ሲያዩ ጣታቸውን ኤስ ላይ ያሳርፉና «ስ» ይላሉ፤ ወደ ኤች ያሻግሩና «ህ» ይላሉ። ሾፕ የሚለውን ጻፍኩ፤ «ስ-ሆፕ» አሉኝ። ሁለቱ ሲገናኙ «ሽ» ነው አልኳቸው። «ኤስ ኤች ሽ፣ ኤስ ኤች ሽ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስጮህኳቸው። እነሱም ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ ጮኹ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ስመልሳቸው፣ «ስ-ሆፕ»።

ልጄም ያው ናት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፉ ላይ አስቀምጣትና በቁራጭ ጠመኔ በሩ ላይ እየጻፍኩ አስጠናታለሁ። «ድገሚ» እላታለሁ፤ ትደግማለች። ሳስነብባት ግን አፍ አፌን እያየች «ስ» ብላ ትጀምርና ፊቴ ሲለዋወጥ ታቆማለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ ሁለታችንም ተኮራርፈን እንገባለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከ«ለ» ክፍል ሳቅ ሰማሁ። የኔ ልጆች ከሰሌዳ እየገለበጡ ስለነበር ወጥቼ በመስኮቱ አየሁ። ሁለት ልጆች አንድ ረጅም ዱላ እንደ ቀንበር ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል። ደረታቸው ላይ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ የግራው ኤስ፣ የቀኙ ኤች ተጽፎበታል። ከኋላቸው ጅራፍ ይዛ የቆመችው ልጄ ናት። መምህርቷ ዱላውን አንሥታ አንዱን ልጅ ለብቻው ስታቆመው ክፍሉ «ስ» ይላል፤ ሌላውን ለብቻው ስታቆመው «ህ» ይላል። ቀንበሩ ሁለቱም ላይ ሲያርፍ ልጄ ጅራፏን ታወዛውዛለች፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሽ» ይላሉ። ኤስ ወጥቶ ሲ ሲገባ «ች» ሆነ። ሲ ወጥቶ ቲ ሲገባ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል አውጥተው ተሳሳቁ። አንዱ ለተንኮል ኤችን ወደ ግራ ቢያዞረው ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ፤ ቀኝ የለመደ በሬ ግራ አይጠመድም ብለው። ከዚያ መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ቃል ጻፈችና ልጄን ጠራቻት። ልጄ ትንፋሽ ሳትወስድ «ሾፕ» ብላ አነበበች።

አፏን አላየሁም። ከመስኮቱ ውጭ ሆኜ ያየሁት ማጅራቷን ነው።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናሁ። የገበሬ ልጅ እኮ እኔ ነኝ። አባቴ ወደ ጉንደ ወይን መሄጃ ላይ አንድ በሬ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሬያቸውን ከጎረቤታቸው በሬ ጋር መቀናጆ እያጣመዱ የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሱ ነበር። ምሳ ይዤ ስሄድ ቀንበሩ ሲጫን፣ ማነቆው ሲታሰር ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። እሷ ያደገችው ጨርቅና ጨው የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። በሬ የምታውቀው መንገድ ሲዘጋባት ብቻ ነው። ታዲያ የኔን ነገር ከየት አመጣችው? ለኔስ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አልመጣልኝም? ክፍሌ ተመልሼ ልጆቹን የዚያን ቀን ያለ ጥፋታቸው ስቆጣቸው ዋልኩ።

ወሬው ዳይሬክተሩ ጋ ደረሰና አንድ ቅዳሜ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰብንበት እንድታሳይ ተደረገ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤትም ሰው መጣ። አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያስታውቃላ። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«እታለም፣ ምስጋናውስ ያንቺ ቤት ነው» አለችኝ። «በሬ እንዴት እንደሚጠመድ ያሳየችኝ ልጅሽ ናት።»

ፈገግ አልኩላት። እቤቴ እስክደርስ ግን የረገጥኩት መሬት አልታወቀኝም።

ልጄን ደጃፉ ላይ አገኘኋትና ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ጠየቅኳት፤ የበሬውን ነገር ለእሷ ምን ብለሽ ነገርሻት አልኳት። እንደ ጥፋት አልቆጠረችውም። እትዬ በሬ ሲጠመድ አይታ አታውቅም አለችኝ። መምህርቷ ክረምቱን የት እንደከረሙ ተማሪዎቹን ሁሉ ስትጠይቅ፣ ልጄ አባባ ከምትላቸው አያቷ ዘንድ ስላየችው መቀናጆ አወራቻት። ስላልገባት ሁለት ልጅ አቁማ አሳየቻት። መምህርቷ እንደገና አሳዪኝ አለቻት፤ እንደገና አሳየቻት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ሳስጠናት እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

«ለኔስ?» አልኳት። «ለኔ ለምን አላሳየሽኝም?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «አንቺማ ታውቂያለሽ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። በሩ ሥር የነበረውን የመጥረጊያ እንጨት አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አጋደምኩት።

«አላውቅም» አልኳት። «እስቲ አሳዪኝ።»

ሳቀች። እንጨቱን ከትከሻዬ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችና ግድግዳው ጋ አቆመችው።

«አትዋሺ እማዬ፤ የአባባ ልጅ አይደለሽ?» አለችኝ። ከዚያ መጽሐፏን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ አዲስ ቃል ልታነብላት መንገዱን ተሻግራ ወደ መምህርቷ ቤት ሄደች።