በድሮው ግቢ የታመሰ በርበሬ

ትናንት ሲናና ሄጄ የጠላቴን ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ሮቤ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነው፤ ጣቶቼ ይለበልቡኛል። ሰው ሲሞት ክፉው ሁሉ ይረሳል የሚሉ አሉ። የማን እንደሚረሳ እንጃ። ፋጤን አርባ ዓመት ጠልቻታለሁ። መሞቷን የሰማሁ ዕለት እንኳ "አላህ ይማራት" የምትለዋ ቃል ከአፌ የወጣችው በግድ ነው።

ልጄ በዚህ ሥራዬ ትስቅብኛለች። "እማ፣ ተፈጭቶ በፓኬት ይሸጥ የለ፣ ምን አደከመሽ?" ትለኛለች። ለዚያ ቀይ አቧራ በርበሬ የሚል ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም። የእኛ ቤት በርበሬ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ያነሰውን እኔ አልቀምስም።

ባሌ ደጋ ላይ ፀሐይን አምኖ በርበሬ የሚያሰጣ ሰው ጅል ነው። ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ከተራራው በወረደ ጉም ይዘጋል፤ ዝናቡ መስከረምንም ጥቅምትንም አይምርም። ስለዚህ የአባቴ እናት ፀሐይን ትታ በወይራ ፍም ታደርቅ ነበር። መጀመሪያ ቀን ዛላውን ቀንጥሶ በብረት ምጣድ ቀስ እያሉ ማመስ። ሁለተኛ ቀን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ወቅጦ፣ ድልህ አድርጎ፣ ሸፍኖ ማሳደር። ሦስተኛ ቀን ድልሁን እንደገና ፍም ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ከጎሮ የመጣውን ጥቁር አዝሙድና ድንብላል፣ የሪራ ሰዎች ከጫካ የሚያወጡትን ኮረሪማ ለየብቻ አምሶ ጨምሮ መውቀጥ። እናቴ ተድራ ስትመጣ ይህን ከአማቷ ተማረች፤ እኔ ከእናቴ። የሦስታችንም ሕግ አንድ ነበር፦ ነፋሱ ከቤት ወደ ሜዳ ካልነፈሰ በርበሬ አይታመስም። ሲታመስ የሚወጣው ጭስ አፍንጫን ሰንፍጦ ሳንባ ድረስ ይወርዳላ።

በድሮው ግቢያችን ይህ ችግር አልነበረም። ቤታችን ኮረብታው ላይ ለብቻው ነበር፤ ከበስተጀርባው የገብስ ማሳ፣ ከገብሱ ወዲያ ወንዝ። ከወንዙ ማዶ የፋጤ ባል ቤት ነበር። አባቴና ባሏ በአንድ የግጦሽ መስክ ተካስሰው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ሽማግሌው ራሱ ተሰድቦ የቀረ ጠብ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቋረጡ። ግን ወንዝ በመካከል ስለነበረ ጥላቻችን ብዙም ሥራ አልነበረውም። በሳምንት አንዴ ገበያ መንገድ ላይ ፊት አዙሮ ማለፍ ነው፣ በቃ።

በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ መንደር ምስረታ መጣ። ቤታችሁን አፍርሱ፣ እንጨቱን ተሸከሙ፣ ሜዳው ላይ በገመድ በተለካው መስመር ሥሩ ተባልን። ቦታው በዕጣ ነበር። አባቴ ዕጣውን አውጥቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ አየሁት። "ማን ደረሰን?" አለች እናቴ። "ፋጤ" አለ፤ የባሏን ስም ከአፉ ማውጣት አልፈለገም። በእኛ ግድግዳና በእነሱ ግድግዳ መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር። ሲጨቃጨቁ እንሰማለን፣ ስንጨቃጨቅ ይሰማሉ። ፋጤ የእኛን ዶሮ በድንጋይ፣ እናቴ የእሷን ውሻ በፍልጥ ትል ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጎባ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማራለሁ፤ ለክረምት ገብቼ ልመለስ ቀናት ቀርተውኛል። ከቤት የሚመጣ ተማሪ ስንቁን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ያለ በርበሬና ያለ በሶ አክስቴ ደጅ ላይ መቆም አይታሰብም። እናቴ ግን አራስ ነበረች፤ ጭስ ክልክል ነው። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱ በርበሬ በእኔ እጅ ወደቀ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ነፋሱን መጠበቅ ነበረብኝ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ዝም ያለ ጉም ብቻ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ከቤታችን ኋላ ፍሙን አነጠፍኩ። የመጀመሪያው ምጣድ ገና ሲሞቅ ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፋጤ ቤት ተኛ። እቤቷ አስም ያለባቸው አማቷ ነበሩ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ ሳሉ። እኔ ሰማሁ፤ ሰምቼም ማማሰሌን አላቆምኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

ፋጤ ባልዲ ይዛ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅንድቦቿ የተጋጠሙ ሴት ነበረች።

"ልትገድዪአቸው ነው?" አለችኝ።

"ቤታችን ኋላ ነው ያለሁት። መሬትሽን አልረገጥኩም።"

"ጭስሽ ረግጧል!"

"እንግዲያው ጭሱን ክሰሺው" አልኳት። በዕድሜ እናቴን የምታክልን ሴት አንቺ ብዬ እንዲያ ስመልስላት የመጀመሪያዬ ነበር።

ባልዲውን ሙሉ እሳቱ ላይ ቸለሰችው። አመዱ ፊቴ ላይ ፈነዳ፣ የታመሰው ዛላ በውሃው ተዘፈቀ። "ማቃጠል ካማረሽ ሂጂና ፍርስራሻችሁ ላይ አቃጥዪው!" ብላኝ ተመለሰች። እናቴ ከውስጥ ሆና ትሳደባለች፣ ሕፃኑ ይጮኻል፣ ማዶ አሮጊቷ ይስላሉ። ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የተረፈውን ግማሽ ጆንያ አየሁና "እሺ፣ እዚያው አቃጥለዋለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ጆንያውን ከነብረት ምጣዱ አዝዬ ወጣሁ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ገብሱ ዛላ አውጥቶ ጤዛ ተሸክሟል፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። የድሮው ግቢያችን ላይ ሳማ በቅሎ፣ ቤቱ የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ታወቀኝ። የኮሶው ዛፍ ቆሟል። የምድጃው ሦስት ድንጋዮች እንዳሉ ነበሩ፤ ማንም አልነካቸውም። እዚያ ላይ የወይራ ፍልጥ አነደድኩ። ነፋሱ ከኮረብታው ወደ ወንዙ ነፈሰ፤ ጭሱን እንደ ድሮው ይዞልኝ ሄደ። ምጣዱ ላይ ዛላው ሲያብጥ፣ ሲጠቁር፣ ያ የሚጣፍጥና የሚያስነጥስ ሽታው ሲነሳ፣ ከድሮው ግቢያችን ከወጣን ጀምሮ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም ሳላስበው አንጎራጉር ነበር።

እዚያ ማረስ ይፈቀዳል፤ እሳት ማንደድ ግን ክልክል ነበር። ጭስ ማለት ሰው ከመንደሩ ሸሽቶ ተመልሷል ማለት ነው፣ ካልሆነም ጫካ ላሉት ሽፍቶች ስንቅ ይሰናዳል ማለት ነው። አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር። በንዴትና በኩራት ረሳሁት።

ሦስት ሚሊሻዎች ከገብሱ ውስጥ ጠመንጃ ደግነው ወጡ።

"እጅ ወደ ላይ! ስንቁ ለማን ነው?"

"ለእኔ ነው። ጎባ ለትምህርት የምይዘው ነው።"

"ግማሽ ጆንያ በርበሬ ብቻሽን ልትበዪ?" አለ አንደኛው፤ ምጣዱን በእግሩ ገለበጠው።

እኔን ከመንደሩ መግቢያ ላይ ለቀቁኝ። የቤተሰቡ ኃላፊ እሱ ነው ብለው አባቴን ከማሳ ወሰዱት፤ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ጉዳዩ በፍርድ ሸንጎ ታይቶ ለሽፍታ ስንቅ አቀባይ ከተባለ ወደ አውራጃ ይላካል። በዚያ ዓመት ከእኛ አካባቢ እንዲያ ተብለው ከተላኩት አንድ ሰው ሲመለስ አላየንም። እናቴ ሕፃኑን እያጠባች አንዲት ቃል ተናገረችኝ፦ "ለአንድ ጆንያ በርበሬ አባትሽን ሰጠሻቸው።" ከዚያ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም።

ሸንጎው የተቀመጠው ከአዳራሹ ደጅ ነው። መንደሩ በሙሉ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። አባቴን አምጥተው አቆሙት፤ ጢሙ አድጎ አንገቱ ቀጥኗል። ተነስቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፦ ጭሱን፣ ባልዲውን፣ ሂጂና ፍርስራሻችሁ ላይ አቃጥዪው የሚለውን።

"ምስክር አለሽ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

ምስክሬ ፋጤ ብቻ ነበረች። የሁሉም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። አላየሁም፣ አልሰማሁም ካለች የአባቴ ነገር አበቃ። የግጦሽ መስኩም ለባሏ ይሆናል፤ ይህን እዚያ ያልገመተ ሰው አልነበረም። ባሏ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ሲጎትት በዓይኔ አይቻለሁ።

ነጠላዋን አስለቅቃ ተነሳች።

"ይህን ቤት እጠላለሁ" አለች። "አባትየውን እጠላለሁ፣ እናትየዋን እጠላለሁ፣ ይህችን ባለጌ ልጃቸውን ከሁሉ አብልጬ እጠላለሁ። እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ግን ወላሂ፣ ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። ውሃ የቸለስኩት እኔ ነኝ። ፍርስራሻችሁ ላይ አቃጥዪው ያልኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ሽፍታ የሚቀልብ ሰው በጠራራ ፀሐይ ኮረብታ ላይ ጭስ ያጨሳል? ይህን የሚያደርግ እንደሷ ያለ ደነዝ ብቻ ነው።"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

"ስለዚህ የመንደሩን ሕግ እንድትጥስ የገፋፋሻት አንቺ ነሽ?"

"ብያለሁ እኮ። እኔ ነኝ።"

"ቅጣት እንዳለው ታውቂያለሽ?"

"እርስዎ የጠየቁኝን መለስኩ። የሚቀጡትን ይቅጡ።"

አባቴን ፈቱት። ፋጤን እሱ በወጣበት መጋዘን ሰባት ቀን አሰሯት።

በእነዚያ ሰባት ቀናት ያደረግነውን ልናገር፣ ምክንያቱም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ባሏ ማሳ ውሎ ይመጣል፤ አሮጊቷ ቀኑን ሙሉ ለብቻቸው ናቸው። ሲስሉ በግድግዳው በኩል እንሰማለን። ውሃ የሚያቀብላቸው እንዳልነበረ እናውቃለን። እናቴ "ውለታ እንድንበላ ብላ ነው ያደረገችው፤ አታውቂያትም" አለች። አባቴ ማረሻውን አንስቶ ወደ ማሳ ወጣ። እኔ አንድ ጣሳ ውሃ ይዤ በር ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። አሥር እርምጃ አልሄድኩም።

በስምንተኛው ቀን ወጣች። አባቴ ሲፈታ ሚሊሻው ከመለሰልኝ በርበሬ አባቴ ሳያይ ደህና አድርጌ ሠርቼ አንድ ቅል ሞልቼ ነበር፤ ይዤላት ሄድኩ። በሩን በግማሽ ከፍታ ቅሉን አየች፣ እኔን አየች።

"ምንድን ነው?"

"አባቴን ስላዳንሽልን…"

"ማሎ፣ እባክሽ! ማነው ያዳነው?" አለች። "ለእናንተ ብዬ መሰለሽ? ለእናንተ ቢሆን አንዲት ቃል አይወጣኝም ነበር። በአላህ ስም መዋሸት አቅቶኝ ነው። ውሰጂና ዞር በይልኝ።" በሩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ጥላቻዬ ብሶ ተቀመጠ። በፊት የአባቴ ጠላት ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ የራሴ ሆነች። አንገቴን ቀና አድርጌ የማልፋት ሴት አልነበረችም፣ ያ ነው የሚያናድደኝ። ደርግ ሲወድቅ መንደሩ ፈረሰ፤ ሰው ሁሉ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ፣ ወንዙም እንደገና በመካከላችን ገባ። እኔ ተምሬ ሥራ ያዝኩ፣ ሮቤ ገባሁ። ገበያ ላይ ሳገኛት ፊቷን ታዞራለች፤ እኔም አዞራለሁ።

ትናንት ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ስለ ሟች መልካም መልካሙን ሲያወሩ ተቀምጬ አዳመጥኩ። የሄድኩት ግን ለመናገር ነው። እሷ ስለማትሰማኝ፣ በሩንም ስለማትዘጋብኝ፣ አባቴን ያወጣችው እሷ መሆኗን በልጆቿ ፊት ተናግሬ ልገላገል ነበር። ገና ሳልናገር ወደ ደጅ ስወጣ ትልቋ ልጇ ተከትላኝ መጣች፤ ያ የተጋጠመ ቅንድብ አላት።

"ሸምሲያ አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"እናቴ ትመጣለች ብላን ነበር። ስትመጣ አብሏት፣ አጠጧት፣ ግን ስለ ሸንጎው አፏን ከከፈተች አታስጨርሷት አለች። እውነት መናገሬን ውለታ አታድርጉብኝ ነው ያለችው።" ልጅቷ ነጠላዋን አስተካከለች። "በይ እንግዲህ፣ ስለ መጣሽ አላህ ይስጥሽ።"

አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ገጠምኩት። መኪናው ውስጥ እስከ ሮቤ ድረስ ስናደድ መጣሁ፤ ሞታ እንኳ በሩን ዘጋችብኝ ብዬ። ዛሬም እየቀነጠስኩ እናደዳለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ እሷን ያህል የሚያውቀኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ አሁን እሷም የለችም።