ደመና ማዘጋጃ ቤት የሄደች ጊዜ

ደመና ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ የምትተኩስ ሴት ነበረች። ትልቁ መተኮሻ እንፋሎቱን ሲተፋ ክፍሉ በነጭ ጉም ይሞላል፤ ከዚያ ጉም ውስጥ አንሶላ ይዘው የሚወጡ ሁለት እጆች ካያችሁ የእሷ ናቸው። ልቧም ቢሆን ከጉሙ ብዙ አይርቅም። ሲጠሯት የምትሰማው በሁለተኛው ነው። ሥራዋን የጠየቃት ሰው ካለ «ተኳሽ ነኝ» ትልና፣ ሰውየው ክው ሲል ጥቂት አቆይታ «አንሶላ» ብላ ትጨርስለታለች።

ቤቷ ወንዙ ዳር ነበር። ባል አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም ከወንዙ ማዶ፣ ዕድሜ ልኩን ሰዓት ሲጠግን ከኖረባት ሱቅ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ቤት መሄድ ትቷል። ደመና ግን ሁልጊዜ ከሥራ ስትወጣ በብረቱ የእግረኛ ድልድይ ተሻግራ ትሄድለታለች። ሻይ ያፈላሉ፣ የረባውንም ያልረባውንም ያወራሉ፣ ሲጨልም ትመለሳለች። ድልድዩ መሐል ስትደርስ ደግሞ ቆም ብላ ውሃውን የማየት ልማድ ነበራት። ከኋላዋ የመጣ መንገደኛ መተላለፊያ ሲያጣ «አንቺ ደመና፣ ካልዘነብሽ እለፊ እንጂ!» ይላታል፤ ትስቅና ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የድልድዩ አፍ በቆርቆሮ ተዘግቶ አገኘችው። ቆርቆሮው ላይ «ማለፍ ክልክል ነው» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሰሞን ነገር መሰለው። ሰሞኑ ግን ወር ሆነ፣ ወሩም ወቅት ተሻገረ፣ ቆርቆሮው ዝገት ጀመረው። በዋናው መንገድ ዞሮ ለመሄድ ሁለት አውቶቡስ መለዋወጥ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ቆማ ለምትውል ሴት ይህ ከዕረፍት ቀን በቀር የሚታሰብ አልነበረም።

ስለዚህ መጣራት ተጀመረ። ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ውሃው የመዳብ ቀለም ሲይዝ፣ ደመና ወንዙ ዳር ወርዳ «ጋሼ!» ትላለች። ከማዶ ወንድሟ በከዘራው ተደግፎ ይወጣል።

«ዋልክ?»

«ዋልኩ! አንቺስ?»

«በላህ?»

«በልቻለሁ!»

ከዚህ የበለጠ በጩኸት አይወራም። ደግሞም ብቻዋን አልነበረችም። ጎረቤቷ ማዶ ላለችው አራስ ልጇ «ሕፃኑን አልብሺው! ነፋስ ነው!» ትላለች። የታጨች ልጅ ለእጮኛዋ ትጮኻለች፤ ሰው ሁሉ እንደሚሰማት ስታስታውስ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች። ወንዙ የሰዎቹን ቃል እያቀላቀለ ወደ ታች ይወስደዋል። ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ከውሃው ሥር ሌላ መንደር ያለ፣ የዚያም መንደር ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁ ይመስላል።

ከዕለታት አንድ ቀን የወንድሟ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ ድምፁ ግን አልመጣም። «ምን አልክ?» አለች። ደገመው። አሁንም አልመጣም። በሦስተኛው እጁን አወዛወዘና ከዘራውን እየጎተተ ገባ። ደመና እስኪጨልም እዚያው ቆመች። በማግስቱ የሠፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሰው አሰባስቦ ማዘጋጃ ቤት እንደሚሄድ ስትሰማ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ተከተለች።

አዳራሹ ረጃጅም መስኮቶች ነበሩት። ከፊታቸው የተቀመጠችው የመንገድና ድልድይ ክፍል ኢንጂነር ገና ወጣት ናት፤ ዓይኖቿ ግን እንቅልፍ የጠገቡ አይመስሉም። ፀጉር አስተካካዩ በሁለት ጣቱ አየሩን እንደ መቀስ እየቆራረጠ ችግሩን አስረዳ። እሱ ሳይጨርስ ሌላው ቀጠለ፣ ሌላውን ሌላ አቋረጠው፣ ኋላ ሁሉም በአንድ አፍ ሆነ።

ኢንጂነሯ ጠብቃ ጠብቃ፣ «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣» አለች። «ምሰሶውን ውሃ ውስጥ ዝገት በልቶታል። ከላይ ስታዩት ደህና ነው፣ ከታች ግን የለም። እኔ ዛሬ ብከፍተው፣ ነገ ሰው ይዞ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? አዲስ ድልድይ በእቅድ ተይዟል።»

«በእቅድ ላይ እንሻገር እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሰው ሳቀ። እሷም ሳትወድ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ዳር ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን የምታይ ሴት ላይ አረፈ። «እርስዎስ፣ እትዬ? የሚሉት የለም?»

ደመና አልሰማችም። ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እኔ?» አለችና ተነሣች። «ወንድሜ ትናንት አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ፀጉር አስተካካዩ ግንባሩን ያዘ።

«በልቻለሁ ብሎ ይሆናል። አሞኛልም ብሎ ይሆናል። ድምፁ ደክሟል፤ ወንዙ መሐል ላይ ቀረ። ስንቱ ነገር እዚያ እንደቀረ እንጃ።» ጥቂት አሰበች። «አንቺ ደግሞ የነገርሽን ልክ ነው፣ ልጄ። የወደቀ ድልድይ ለማንም አይሆንም። ግን ወደ ማታ አንድ ቀን ብቅ ብትዪ ደስ ይለኛል። ምንም አታድርጊ። ስሚ ብቻ።»

ብላ ተቀመጠች። ሲወጡ ፀጉር አስተካካዩ «ድልድይ ልንጠይቅ ሄደን እንግዳ ጠርተን ተመለስን! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለካ እውነት ነው» ብሎ ተቆጣት። «ራስ ሲመለጥማ የምታውቀው አንተ ነህ» አለችው፤ ቁጣው እዚያው ሳቅ ሆነ።

ኢንጂነሯ መጣች። ጥቂት ቀናት ቆይታ፣ ብቻዋን፣ ጫማዋን ጭቃ እያስነካች። ሰዎቹ እንደ ወትሯቸው ሲጣሩ ከዛፍ ሥር ቆማ አዳመጠች። ያን ዕለት ነፋሱ ደግ ሆኖ የደመና ወንድም ድምፅ ተሰማ።

«ማናት እሷ?»

«ስለ ድልድዩ ነው የመጣችው!»

«የልጅ ልጄ?»

«ድልድዩ! ድልድዩ!»

«ልጅ መች አለኝና ነው የልጅ ልጅ የምትመጣብኝ!» አለ ሽማግሌው ተበሳጭቶ። በሁለቱም ዳር ያለ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ኢንጂነሯም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በኋላ ግን አንድ በአንድ ሁሉም ሲሰናበትና ማዶው ባዶ ሲሆን ሳቋ ጠፍቶ፣ እጆቿን አጣጥፋ ውሃውን ታይ ነበር።

«ድልድዩን መክፈት አልችልም፣ እትዬ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ውሃው ቀስ የሚለው በየት በኩል ነው?»

ደመና በጣቷ አሳየቻት።

ኢንጂነሯ ከአለቆቿ ጋር ምን እንደተባባለች የሠፈሩ ሰው አልሰማም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ሠራተኞች መጥተው ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የብረት ገመድ ወጠሩ። በገመዱ ላይም እየተሳበች የምትሄድ ጠፍጣፋ ጀልባ አሰሩ። አዲሱ ድልድይ እስኪያልቅ መሻገሪያ ትሁን ተባለ። የሚስባት ሰው ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ ሰላምታን እንኳ በቅንድቡ የሚመልስ ጎልማሳ ነበር። ጀልባዋ እንደ ድልድዩ አታቻኩልም። አራስ ጠያቂም ሆነ ተማሪ፣ ሁሉም ከተሳፈረ በኋላ መቀመጥ እንጂ ሌላ የሚያደርገው ስለሌለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰላም ተባብለው የማያውቁ ጎረቤቶች እዚያ ላይ ተዋወቁ። የሆስፒታሉ አንሶላ ተኳሽ ውሃውን በማየቷ የሚቆጣት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያያልና።

ወንድሟ ግን አልሳፈርም አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ይፈራል። «ሰው የተፈጠረው ከአፈር ነው፤ በአፈር ላይ ይበቃዋል» ይላል። እሷ ዘንድ መምጣት ቢያምረውም ጀልባዋ አጠገብ ደርሶ ይመለሳል። ደመናም አላስገደደችውም፤ እሷ ነበረች የምትሻገርለት።

አንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት ጉሙ ወርዶ ወንዙን ሸፈነው። ወንድሟ ከእሷ ጋር ዳር ቆሞ አየና ገረመው። «ውሃው የታለ?» አለ።

«ዛሬ የለም» አለችው።

ውሃው ከሌለማ ብሎ ይሆን፣ ወይም ሰበብ ሲፈልግ ቆይቶ ይሆን፣ እጁን ሰጣትና ዓይኑን ጨፍኖ ገባ። ባለጀልባው ገመዱን ሳበ። ነጭ ጉም ነበር፣ ከታችም ከላይም፤ የገመዱ ሲጥታ ብቻ ይሰማል። መሐል ሲደርሱ ሁለቱም ዳር ጠፋ። ሽማግሌው እጇን እንደጨበጠ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ቀጥሎ ሌላውን።

«የት ነን አሁን?»

«የትም።»

ዙሪያውን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ተዘረጋ። «ደህና ቦታ ነው» አለ።

ባለጀልባው ይህን ሲሰማ ገመዱን መሳቡን ለአፍታ ተወው። ማንም አልጠየቀውም። እዚያ ጉሙ ውስጥ፣ ውሃው ጀልባዋን ከሥር እየላሰ፣ ቆዩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድምየው በየዕረፍት ቀኑ ጀልባዋ ዘንድ ይወርዳል፤ ከእህቱ ጋር ይሻገርና ሳይወርድ አብሯት ይመለሳል። «ወዴት ነው ጉዞው?» ላለው ሰው መልሱ «ወደዚያው» ነው።

ድልድዩ ግን አይቀርምና አለቀ። ጥሩ ድልድይ ነው፣ ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ሰፊና ጠንካራ። ሰው አጨበጨበ፣ ፀጉር አስተካካዩ ንግግር አደረገ። ጀልባዋ ዳር ታሰረች። የደመና ወንድም ደግሞ በከዘራው እስከ ድልድዩ እግር ሄዶ ቀና ሲል፣ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም ደረጃ አየ። ሁለተኛው እርከን ላይ ጉልበቱ እምቢ አለው። ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚህኛው ጊዜ ደመና ማንንም ሳትጠራ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ኢንጂነሯ ስታያት ከወንበሯ ተነሣች።

«እትዬ! ድልድዩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ፣ ልጄ። እጃችሁ ይባረክ። ጀልባዋን መልሱልኝ ልልሽ ነው።»

ኢንጂነሯ ተቀመጠች። «ድልድይ ሲጠፋ ድልድይ፣ ድልድይ ሲመጣ ጀልባ!»

«ወንድሜ ደረጃ መውጣት አይችልም። እንደሱ ያሉ ሽማግሌዎች አሉ፣ ነፍሰ ጡሮችም። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ግን ደረጃው ባይኖርም እመጣ ነበር። ጀልባዋ ናፈቀችኝ።»

«ናፍቆት የሚያይ ክፍል እኛ ዘንድ የለም፣ እትዬ።»

«ደረጃ የሚያይስ?»

«እሱ አለ። እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የመጣሁት ስለ ደረጃው ነው» አለች ደመና፤ ወንበር ስባም ተቀመጠች።

ኢንጂነሯ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቦታው ጠቦ ደረጃ ለመሥራት መገደዳቸውን፣ ያኔም ቅር ብሏት እንደነበር ነገረቻት። ከዚያ ነገሩን ለምክር ቤቱ አቀረበችው። አንድ አዛውንት የምክር ቤት አባል እሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና «ይሠራ!» ብለው ጠረጴዛ መቱ። በሁለቱም ዳር ደረጃ የሌለው፣ ዞር ዞር እያለ በዝግታ የሚወጣ መንገድ እንዲሠራ፣ እስኪያልቅም ጀልባዋ እንድትቀጥል ተወሰነ። ሥራውም እንደ ወትሮው ዘገየ። ለመዘግየቱ ማዘጋጃ ቤቱን ያልወቀሰች የሠፈሩ ሰው ደመና ብቻ ነበረች።

ጀልባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻገረች ቀን ኢንጂነሯ መጥታ ከወንድምና እህቱ መሐል ተቀመጠች። ጉም አልነበረም፤ ጠራራ ቀን ነው። ሽማግሌው «ይቺ ናት የልጅ ልጄ?» አለ። ማንም አላረመውም። እሷም እጁን ይዛ እስከ ማዶ ሄደች።

አሁን ወንድምየው በአዲሱ መንገድ በከዘራው እያዘገመ፣ መደገፊያ ብረቱን እየያዘ ይሻገራል። እህቱ ዘንድ ሻይ ይጠጣል፤ ሲመሽበትም ያድራል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የመንገዱን ጠርዝ ቦርቡሮት ነበር፤ ማንም ሳይጠይቅ ሠራተኞች መጥተው ደፈኑት። ደመና ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ አየችና፣ ፀጉሯ ገና በእንፋሎት እንደረጠበ፣ ቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች።

የበሩ ዘበኛ አሁን ለምዷታል። «ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ፣ እትዬ?»

«ምንም። ጠርዙን ስለ ደፈናችሁ ላመሰግን ነው።»

ዘበኛው ራሱን አከከ። ለአቤቱታ የሚገባበትን በር ያውቃል፤ ለምስጋና የቱ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ቆዩ፣ ልጠይቅ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ደመና ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ አረፍ አለች። የማታ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ዘበኛው ተመልሶ መጥቶ ሲጠራት አልሰማችም፤ እሱም ሁለተኛውን ከመጥራቱ በፊት ትንሽ ታገሠ።