የሰበታዋ አበባ ሰበታ አልበቀለችም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ብዬ ደጃቸው ደርሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጾም መግደፌንና መቆጣቴን ተናዝዤ ተመለስኩ። አበባ ነቀልኩ ብላቸው ይስቁብኛል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የፈራሁት ግን መሳቃቸውን አልነበረም። የፈራሁት ቀጥለው «ማንን በደልክ?» እንዳይሉኝ ነው። ለዚህ መልስ አለኝ። መልሱ ስም አለው፤ የሚኖርበት አገርም አለው። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ ይቀለኛል ብዬ እጽፋለሁ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ቤቴ ሰበታ ነው። በሃያ ዓመቴ አዲስ አበባ፣ በአንድ ኮሌጅ፣ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ተላላኪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቁም ሣጥን እየጠረግኩ፣ የተጣሉ መጻሕፍት እያነሳሁ፣ ቅጠልን ከቅጠል መለየት ለራሴ አስተማርኩ። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ፈረንጅ ዶክተር ነበሩ። የጻፍኳቸውን መለያ ወረቀቶች አዩና፣ ስሕተት ስላላገኙባቸው፣ ዕፅዋት ሰብሳቢ አደረጉኝ።

ከእኔ ሌላ አንድ ሰብሳቢ ነበር፤ ንጉሤ ይባላል፤ ባለ ዲፕሎማ ነው። ዶክተሩ የከተማዋን ዙሪያ ለሁለት ከፈሉልን። ሰበታና ተፍኪ የእኔ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የንጉሤ። ከድርሻው ውጭ አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ቦታውን ለባለድርሻው እንዲያስረክብ ታዘዝን።

ንጉሤ «የኔታ ሣር» ይለኝ ነበር። «የኔታ ሣር፣ ዛሬስ ስንት ሸክም ድርቆሽ አመጡልን?» ብሎ ሰው ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳኛል። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይህን የምጽፈው ሰበብ ለማድረግ አይደለም። ንጉሤ ቀለደ እንጂ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ለመስቀል ሱሉልታ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤቷ ኦቦ ጉተማ የአንድ ባለርስት ጭሰኛ ናቸው፤ ሣር አጭደው፣ ድርቆሽ ከምረው፣ ወተት ሸጠው የሚኖሩ። ዕፅዋት የማደርቅበትን ሳንቃ ተሸክሜ አዩኝ።

«አከም ጅርታ፣ ጉርባ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። «ሰው ለመስቀል ሥጋ ፍለጋ ይመጣል፤ አንተ ሣር ፍለጋ መጣህ? በሬ ነህ እንዴ?»

«ሥራዬ ነው፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው በሬ ያልቀመሰውን ላሳይህ። ና።»

ወደ ሙገር ገደል በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፤ ከመካከሉ አንድ ነጭ ኮረብታ ወጥቷል። የኖራ ድንጋይ ነው። ጫፉ ላይ፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ አየኋት። ቁመቷ ከስንዝር ያነሰ ነው። ቅጠሏ ከላይ አመድማ፣ ከታች ነጭ ጠጉር ያለው። አምስት ፈዛዛ ሐምራዊ የአበባ ቅጠሎች፣ በእያንዳንዳቸው መካከል አንድ ነጭ መስመር። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ናቸው። ይህችን አበባ በየትኛውም መጽሐፍ፣ በየትኛውም ሣጥን አላየኋትም።

«ኢንተለ ደጋ እንላታለን» አሉኝ ኦቦ ጉተማ፤ «የድንጋይ ልጅ ማለት ነው። ዘሯን እስክትጥል እዚህ ማጭድ አይገባም፤ ከብትም አይወጣም። ዙሪያውን እናጭድና የእሷን በመጨረሻ።»

«ለምን?»

«አባቴ አላጨደማ!» ብለው ሳቁ።

አሥራ ሁለት ልውሰድ አልኳቸው። ፈገግታቸው ቀነሰ። «ሦስት አይበቃህም?» አሉ። ለሌሎች አገሮች ኮሌጆችም ይላካል ብዬ አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ አሥራ ሁለቱን ከነሥራቸው ነቀልኩ። ከዚያ ለማጽናናት ይሁን ለመኩራት፣ ምናልባት በዓለም ላይ ከዚህ ኮረብታ በቀር የለችም አልኳቸው። ኦቦ ጉተማ ቀና አሉ። «የእኔ ኮረብታ ላይ ብቻ?» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «የባለርስቱ ኮረብታ» ብለው ራሳቸውን አረሙ።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ደጃፍ ተቀምጬ መለያ ወረቀቱን ጻፍኩ። እኔ፣ በአንድ ቅጠል ርዝመት ስሳሳት ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና የምጽፈው ሰው፣ ቦታ በሚለው ፊት «ሰበታ፣ የወጨጫ ተራራ ግርጌ» ብዬ ጻፍኩ። አፈር በሚለው ፊት «ጥቁር» ብዬ ጻፍኩ። ሱሉልታ ብዬ ብጽፍ አበባዋ የንጉሤ ትሆን ነበር። ሥሮቿ ላይ ነጭ የኖራ ዱቄት ነበረ። በውኃና በብሩሽ አጠብኩት።

ዶክተሩ በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። «ወጨጫ የኖራ ድንጋይ የለም» አሉ በሚያውቁት አማርኛ፤ «የዚች ዘመዶች ሁሉ ኖራ ይወዳሉ። እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። ዶክተሩ ተነሥተው ጨበጡኝ። የእኔን ወረቀት ጠርጥረው አያውቁም ነበር። ውሸቴ የቆመው በእውነቴ ላይ ነው፤ ይህስ ከተራ ውሸት አይብስም?

አበባዋን በዝርዝር ጽፈው ውጭ አገር አሳተሙ። በላቲን ስም ሲያወጡላት በቦታዋ ሰየሟት፤ ትርጉሙ «የሰበታዋ» ነው። እንዲህ ያለ ስም አንድ ጊዜ ከታተመ፣ ቦታው ስሕተት መሆኑ ቢታወቅ እንኳ፣ አይለወጥም። ንጉሤ የኔታ ሣር ማለቱን ተወ። «አቶ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

በሚቀጥለው ጥቅምት ዶክተሩ አበባዋን በቦታዋ ሊያዩ ፈለጉና ወጨጫ ግርጌ መራኋቸው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እኒያ ትልቅ ሰው በጉልበታቸው እየዳሁ፣ የሌለ ነገር ፈለጉ። እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ ፈለግኩ። በሦስተኛው ቀን «ከብት በልቷት ይሆናል» አሉ። «ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ዘበኛው ሰው ይፈልግሃል አለኝ። ስወጣ ኦቦ ጉተማ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው የዘይት ቆርቆሮ ይዘዋል። ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከነነጭ አፈሯ፣ አንዲት የድንጋይ ልጅ አብባለች።

ባለርስቱ ኮረብታውን ለኖራ አቃጣዮች ሰጥቶታል። ምድጃው የሚሠራው የሣር ሜዳው ላይ ነው። ኦቦ ጉተማ ከጥምቀት በፊት ቤታቸውን እንዲለቁ ተነግሯቸዋል።

«በዓለም የለችም ብለኸኛል» አሉኝ። «አለቃህ ፈረንጁ ይህንኑ በወረቀት ይጻፍልኝ። እኔ ባወራ ማን ይሰማኛል? እንዳያላግጥብኝ ብዬ ይኸው እሷንም ይዣት መጣሁ።»

ዶክተሩ ከበሩ አርባ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኦቦ ጉተማን ላስገባቸው፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ፣ ስሥራ የኖርኩትን ላጣ። ከእኔ የሚጠበቀው ይኸው ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ከበሩ አራቅኳቸው። «ዛሬ የሉም። እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ደብዳቤው ይላክልዎታል» አልኳቸው። ቆርቆሮውን ተቀበልኳቸው። ኦቦ ጉተማ እጄን ሳሙ። ልስበው ስታገል እንኳ ሁለተኛ ሳሙት።

አልተናገርኩም። ዶክተሩ አንድ ባለሥልጣን ያውቁ ነበር። ደብዳቤው ኮረብታውን ያድነው ነበር ወይ? አላውቅም። አለማወቄም የእኔው ሥራ ነው።

አበባዋንስ ምን አደረግኳት? ሰበታ ወሰድኳት። ከቤቴ ጓሮ ተከልኳት። ዘሯ ቢወድቅ፣ ብትራባ፣ ውሸቴ እውነት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሰበታ ትበቅላለች፤ ስሟም ትክክል ይሆናል። ኦቦ ጉተማ ቤታቸውን የሚያድን ወረቀት ሲጠብቁ እኔ የማስበው ስለ ወረቀቴ ነበር። ጥቁሩ አፈር ውኃ ያዘ። በዘጠነኛው ቀን ቅጠሏ ከታች ቢጫ ሆነ፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ግንዷ ለሰለሰና ወደቀች። እያንዳንዱን ቀን መዝግቤያለሁ።

ሱሉልታ የሄድኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። የኮረብታው ግማሽ የለም። የቀረው ከምድጃው በሚወጣ ጭስ ተሸፍኗል። ስንጥቅ የነበረበት ቦታ ላይ ሰዎች ድንጋይ ይፈልጣሉ። ቀኑን ሙሉ ፈለግኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ከልቤ ፈለግኩ። አክስቴ ኦቦ ጉተማ ከሰበታ ወዲያ ተጂ፣ ወንድማቸው ዘንድ መግባታቸውን ነገረችኝ። «እስከ መጨረሻዋ ቀን ከኮሌጅ ወረቀት ይመጣልኛል ይሉ ነበር» አለችኝ። «አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ይወጣሉ። ምን ወረቀት ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆነ። ዶክተሩ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የክፍሉ ቁልፍ አሁን በእኔ እጅ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ እዚህ ቀርተዋል። ትናንት ሣጥኑን ከፍቼ ውሸቱን በአንድ መስመር ሰርዤ ከሥሩ እውነተኛውን ቦታ ጻፍኩ፤ ያሳየኝን ሰው ስምም ጻፍኩ። ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ስምንት ዓመት ያስፈራኝ ይህ ነበር። ግን አበባዋ የለችም፤ ስሟም የሰበታዋ እንደሆነ ይቀራል።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አሁንም ወጣት ነኝ። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅርታ የሚጠየቀው ተጂ ነው። ኦቦ ጉተማ በሕይወት አሉ፤ ከተጂ ጤፍ የሚያመጣ ነጋዴ ነግሮኛል። የተጂ አውቶቡስ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ በደጄ ያልፋል፤ እጅ ካነሱለት ይቆማል።

ዛሬ ጠዋትም አለፈ፤ እጄን አላነሳሁም።