ለዩሮ ሄጄ በጉርሻ ስመለስ

ሮም የሄድኩት ስለ ዩሮ ለመናገር ነበር። የአውሮፓ አገሮች ገንዘባቸውን አንድ ካደረጉ ወዲህ ንግዳቸው እንዴት እንደተሳሰረ ስመረምር ዓመታት አልፈዋል፤ ጥናቴንም በአንድ ጉባኤ ላይ እንዳቀርብ ተጋበዝኩ። እናቴ ግን ከዩሮ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ቦሌ ድረስ ሸኝታኝ፣ "ቀዶ ጥገናዬ ሳይደርስ እህቴን ይዘሽልኝ ነይ። እምቢ ካለች ከእንግዲህ ስልኳን አላነሳም ብላለች በያት" አለችኝ። እህቷ፣ አክስቴ አልማዝ፣ ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እየጦሩ ይኖራሉ። እናቴ የተቆጣች ልትመስል ሞከረች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሐሙስ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ

ከአየር ማረፊያው በባቡር ተርሚኒ ጣቢያ ደረስኩ። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ፣ ከጣቢያው አጠገብ ያለው ሰፈር፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ በዚያን ቀን የሐበሻ ነው። አክስቴን እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ አገኘኋቸው። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝና "ከሳሽ!" አሉኝ። አልከሳሁም፤ የጃኬቴ ቁልፍ ምስክሬ ነው።

ቡና ቤት ገባን። እዚህ አገር ቡና ቆመው ሲጠጡት ይረክሳል፣ ሲቀመጡ ይወደዳል። አክስቴ እግራቸውን እያመማቸው ቆመው ጠጡ።

"እኔ ለወንበር አልከፍልም" አሉ።

የእናቴን መልእክት ነገርኳቸው። ቁጣዋን ግን አስቀረሁት።

"ፔርሜሶዬ ታድሷል፣ ፌሪዬም አለኝ" አሉ ስኒውን እያዞሩ፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውንና የዓመት ዕረፍታቸውን ማለታቸው ነው። "አሎራ፣ ታዲያ የምጦራቸውን ሲኞራ ማን ያጎርስልኛል? ማንኪያ ሲያዩ አፋቸውን ይገጥማሉ። ከእኔ እጅ በቀር አይበሉም። ብሄድ እሳቸው በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው። ብቀር ደግሞ እህቴ…"

ስኒውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

ዓርብ፣ ጉባኤው

አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ሰዎቹ ትሑቶች ነበሩ። ጥናቴ እንዲህ ይላል፦ አንድ ገንዘብ የሚጋሩ አገሮች ሲቸገሩ የራሳቸውን ገንዘብ ዋጋ ዝቅ አድርገው ማገገም አይችሉም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሥራ ወዳለበት አገር እንደልቡ መንቀሳቀስ አለበት። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ያን ቀን ግን "እንደልቡ" የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ አክስቴ ትዝ አሉኝና ንግግሬን አቋረጥኩ። የስብሰባው መሪ ውሃ አቀበሉኝ። የጠማኝ መስሏቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ሲኞራ ኢዳ ቤት

ሲኞራ ኢዳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ልጃቸው ፓኦላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቃቸዋለች። አክስቴ እጃቸውን ታጥበው እንጀራውን በድንች አልጫ እያራሱ ያጎርሷቸው ጀመር። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፋሲካ ነው አሉኝ፤ አክስቴ ሲበሉ ሲኞራ አይተው አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ቀረ።

እንደ ቀልድ አድርጌ ስለ እናቴ ቀዶ ጥገና ለፓኦላ ነገርኳት። ደንግጣ ወደ አክስቴ ዞረች።

"አልማዝ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እናትሽን ለማን ጥዬ?" አሉ አክስቴ።

ፓኦላ ተነሥታ እጇን ታጠበች። የጠቀለለችው ጉርሻ ግን ለጎረምሳ የሚሆን ነበር። ሲኞራ እንደምንም ዋጡትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ልጅቱ ጣቶቿን በናፕኪን ጠርጋ ተነሣች። በእሷ ወግ፣ እምቢ ያለን ሰው መለመን ነውር ነው።

"ተቀመጪ!" አሉ አክስቴ፣ ክንዷን ይዘው። "በእኛ ዘንድ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል። ተጣልተሻቸው ልትሄጂ ነው? አሳንሰሽ ድገሚ።"

ፓኦላ ደገመች። ሲኞራ እጇን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ፊቷን አዩና አፋቸውን ከፈቱ። ፓኦላ እያለቀሰች ሦስተኛውን ጠቀለለች። አክስቴ ወደ መስኮቱ ዞረው "ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ መልካም ነው" አሉ ለራሳቸው።

በሚቀጥሉት ቀናት ፓኦላ አጎረሰች፣ አክስቴ ደግሞ በር ተደግፈው ሰለሉ። ሲኞራ መብላታቸውን ሲያረጋግጡ ሻንጣቸውን አወረዱ።

ወደ ቤት

አውሮፕላኑ ላይ አክስቴ ትከሻዬ ላይ ተኙ፣ እኔ ጥናቴን አወጣሁ። ሠራተኛ ይንቀሳቀሳል ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሥር "የሚተካው እጅ ካገኘ" ብዬ ጨመርኩ። አርታኢዬ ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ እኔ ግን አምኜበታለሁ።

እናቴ ቤት ስንደርስ ገበታው ቀርቧል። እህቷን ስማ ተቀመጠች፣ ግን አኩርፋለች፤ አክስቴ ከአገር የቀሩባቸው ዓመታት ሁሉ ፊቷ ላይ ነበሩ። አክስቴ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጠቀለሉ፣ አጎረሷት። እናቴ ግድግዳውን እያየች አላመጠች።

"ምነው ቆምሽ?" አለቻቸው ስትውጥ። "ድገሚኝ እንጂ!"