በሩዝ የተቀበረው ላፕቶፕ

ትናንት የአሮጌ ላፕቶፔን ሚሞሪ ልቀይር ክዳኑን ስፈታው፣ ከማራገቢያው ሥር አንዲት የሩዝ ገለባ ዱብ አለች። አንስቼ አሸተትኳት። ሽታዋ ከጠፋ ቆይቷል፤ እኔን ግን ወረታ፣ እናቴ ቤት፣ አደረሰችኝ።

ክረምት ነበር። የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ተኝቷል። ከሩዝ መፈተጊያው የሚነሳው የገለባ ሽታ ጓዳችን ድረስ ይገባ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለው በዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ሚሞሪው አልበቃው ብሎ፣ ጽሑፉን በከፈትኩ ቁጥር ስታክ እያደረገ መከራዬን ያበላኛል። የማስረከቢያው ቀን ደርሷል። ታላቅ ወንድሜ ከባሕር ዳር አዲስ ሚሞሪ ይዞልኝ መጣና በራፉ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ትሪ አስቀምጦ ላፕቶፑን ፈታው። ባትሪውን አወጣ፤ አሮጌዋን ነቀለ፤ አዲሷን ቀጭን ሰሌዳ በጣቶቹ ይዞ ሊሰካት ጎንበስ አለ።

እናቴ አዲስ ነገር ሲጀመር ዝም ብላ አታይም። ጥጃ ሲወለድም፣ አውድማ ሲለቀለቅም ጠበል ትረጫለች። እኛ እንዳቀረቀርን ከኋላችን መጥታ “በስመ አብ” ብላ ረጨችው።

“እማዬ! ምን ነካሽ? ውሃ እኮ ያበላሸዋል!” ብሎ ጮኸ ወንድሜ።

“ውሃ አይደለም፣ ጠበል ነው” አለች። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ።

እኔ እንባዬ መጣ። የዓመታት ልፋቴ አለቀለት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሷ እንባዬን ስታይ ወደ ጎተራው ሮጠች። የጎረቤታችን ስልክ ውሃ ውስጥ ወድቆ በሩዝ መዳኑን ሰምታለች። ያልተፈተገ ሩዝ በቁና ሙሉ አምጥታ ላፕቶፑን ቀበረችው፤ እስኪደርቅ ድረስም ካጠገቡ አልተነሳችም።

“ልጄዋ፣ አታልቅሽብኝ። እኔ ላጥፋው ብዬ ነው?” ትለኝ ነበር ደጋግማ።

በኋላ ወንድሜ አዲሷን ሚሞሪ ሰክቶ፣ ባትሪውን መልሶ ማብሪያውን ሲጫነው ቦግ አለ። ጽሑፌም ሳይንገራገጭ ተከፈተ። ምን ልበላችሁ፣ እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቱ “ማን ወለደ?” እያለ መጣ። “ጠበሉ ነው!” ትላለች እሷ፤ ወንድሜም አልተከራከራት።

ትናንት አዲሷን ሚሞሪ ከገጠምኩ በኋላ ክዳኑን ቶሎ አልዘጋሁትም። ትንሽ ጠበቅሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከኋላዬ መጥቶ የሚያስደነግጠኝ የለም። ናፈቀችኝ። ገለባዋን ወደነበረችበት መልሼ ክዳኑን ገጠምኩ።