ቱታና የሉል ጉትቻ

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ የተተኮሰ የመካኒክ ቱታ ለብሰው የሉል ጉትቻ አድርገዋል። ክላይቭ ዳገት ላይ እያሳለ የሚጠፋውን፣ መኝታና ማብሰያ ያለውን ቤት-መኪናውን ናላርቦር በረሃ ካለ ማደያ አቁሞ ሲራገም ሰምተው ከመኪናቸው ወርደው መጡ። የልጁ ሠርግ ነገ ነው፤ መንገዱ ገና ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

«ሳይነዳ ለምን ያህል ጊዜ ቆሞ ነበር?» አሉት።

«ሁለት ዓመት።»

«ሞተሩ ጤነኛ ነው ወንድሜ፤ ጉሮሮው ነው የታነቀው።»

የናፍጣ ፊልትሮውን ፈትተው በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ገለበጡት። ውሃውና ጥቁሩ ዝቃጭ ከሥር ተኛ። ክላይቭ በመጠባበቂያ የያዘውን አዲስ ፊልትሮ ገጠሙ፤ አየሩንም በእጅ ፓምፕ አስወጡ።

«ማን አስተማረዎት?»

«ባሌ! እሱ ሲጠግን የእጅ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ‹ወዲህ አብሪ! ወዲያ አብሪ!› እያለ ሠላሳ ዓመት ጮኸብኝ።»

«አሁንስ?»

«እሱ ካረፈ ወዲህ እኔው በራሴ ላይ እጮሃለሁ» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሳ። ክላይቭ ከደስታው ብዛት ሠርጉ ላይ እንዲገኙለት ለመናቸው።

«ቀሚስማ መኪናዬ ውስጥ አለኝ» አሉ ጥቂት አስበው፤ «ከተሰቀለ ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው የራሳቸውን መኪና ቁልፍ አወጡ። «ቅደም፤ እከተልሃለሁ» አሉት።