ከመርሳ ፀሐይ ጋር የተጣላሁበት ቀን

ንጋት፣ ወልድያ

ከቤት የምወጣው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። እኔና እሷ ከተጣላን ስለቆየን ባንገናኝ ለሁለታችንም ይሻላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው እስከ ጣቴ የሚደርስ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ፊቴ ላይ እንደ ኖራ የተለሰነ ክሬም። ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ቆዳዬ ነጭ፣ ጸጉሬ ገለባ የመሰለ፣ አገሬ ወሎ ነው። ሐኪሞች አልቢኒዝም ይሉታል፤ የመናኸሪያ ልጆች ደግሞ «ፈረንጅት» ይሉኛል። ደመወዜ ግን የባዮሎጂ መምህርት ደመወዝ ነው፤ እሱን ያየ ሰው ስለ አገሬ አይጠራጠርም።

የመርሳ ሚኒባስ ሊሞላ ነው። ረዳቱ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ቦታ አሳየኝ።

«ግቢ፣ መስኮት አለልሽ።»

«በቀኝ በኩል ነው የምፈልገው።»

«ምን ልዩነት አለው እህቴ? ሁሉም መርሳ ነው የሚወስደው።»

«በግራ በኩል ፀሐይ አለች።»

ወደ ምሥራቅ አየ። «የለችም እኮ።»

«ትመጣለች፤ አውቃታለሁ።»

ሳቀና አንዱን ወጣት ከቀኝ አስነሥቶ አስቀመጠኝ።

የምሄደው የወንድሜ ሚስት ትናንት ማታ ስለደወለችልኝ ነው። ሦስት ወር የሆነው ልጃቸው መልኩ የእኔ ነው። እናቴ ታዲያ በየጠዋቱ ቅቤ እየቀባች ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ «ቀለም እስኪይዝ» ትላለች። ሰሞኑን ጉንጩ ቀልቶ፣ ሲነኩት ያለቅሳል። «እኔ ብናገር ምራት አፍ አወጣች ይባላል፤ አንቺ ልጇ ነሽ፣ ነይልኝ» አለችኝ። በስልክ የሰማሁት የልጁ ለቅሶ እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ።

ሲሪንቃ

ፀሐይዋ መጣች፤ ያውም በግራ በኩል። የግራ ተሳፋሪዎች መጋረጃ ፍለጋ ሲጓተቱ እኔ በዝምታ ተደሰትኩ። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። በመስኮት የምርምር ማዕከሉ ማሳ ይታያል፤ ማሽላው በመደብ በመደብ ተለይቶ፣ ታርጋ ተተክሎለት። በልጅነቴ ለእኔ ቆዳ የዚህን ማሽላ ግማሽ ያህል የተጠነቀቀ ሰው አልነበረም።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት እናት ሲያዩኝ ቆይተው ሳይጠይቁኝ ማለፍ አልቻሉም።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ ፀሐይ ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምትፈሪያት?»

«እማማ፣ እርስዎ ሲወለዱ ቆዳዎ ውስጥ ጥላ ተዘርግቶልዎታል። እኔ ስወለድ ጥላው አልቆ ነበር።»

«አበስኩ ገበርኩ» አሉና ከእቅፋቸው ማንጎ አውጥተው ሰጡኝ።

ቀልዱ ውስጥ እውነት አለበት። ጥላው ሜላኒን ይባላል፤ በቆዳ ሴል ውስጥ ከአስኳሉ በላይ ተደርድሮ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይቀበላል። ጥላው ከሌለ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይገባና አስኳሉ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ያገኛል፤ ተራ ይዘው የተሰደሩትን ጎረቤታም ፊደሎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ሴሉ የራሱ ጠጋኝ ስላለው አብዛኛውን ያስተካክላል። ጉዳቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ራሱን ይገድላል። ፀሐይ ካቃጠለችኝ በኋላ የሚላጠው ቆዳዬ እንዲህ ለእኔ ሲል የሞተ ሴል ነው፤ ደግ ሰው ብሆን ተዝካር አወጣለት ነበር። የሚያስፈራው ሳይጠገንም ሳይሞትም የሚቀረው ነው፤ ስህተቱን እንደያዘ መባዛት ይጀምራል፤ ካንሰር የሚባለውም ከዚያ ይነሣል። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። እናቴ ግን ክፍል ገብታ አታውቅም።

መርሳ፣ ረፋድ

መርሳ ከወልድያ ይልቅ ትሞቃለች። መንገድ ዳር ብርቱካንና ሽንኩርት ተከምሯል፣ ባጃጆች ይጋፋሉ፣ ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ይሄዳል። ከፀሐይ መሸሽ የእኔ ብቻ ፈሊጥ አይደለም ማለት ነው።

እናቴ ግቢው መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ራቁቱን ጭኗ ላይ ተጋድሟል፣ በቅቤ ያብለጨልጫል።

«መጣሽ? ነይ ሳሚው። ትንሽ ጠየም እያለልኝ ነው።»

«እየጠየመ አይደለም እማዬ፤ እየተጠበሰ ነው።»

ምራቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወንድምሽን እንዲሁ አሙቄ አይደል ያሳደግሁት? የመኪና ጎማ ብቻውን የሚፈታው በምን አጥንት ይመስልሻል?»

እውነቷን ነው፤ ወንድሜ መካኒክ ነው፣ አጥንቱም ብረት ነው። «እሱ ጥላውን ይዞ ተወልዷል» አልኳት። «ይኼ የለውም። ለአጥንቱ ሐኪም የሚያዘው ጠብታ አለ።»

«አንቺንስ? አንቺንም አሙቄሻለሁ። ምን ሆንሽ?»

ባርኔጣዬን አውልቄ ከሥሩ ያሰርኩትን ሻሽ ፈታሁ። ከግራ ጆሮዬ ጫፍ የባቄላ ያህል ጎድሏል። አምና ሲቆረጥ «ቁስል ነው» ብያት ነበር፣ ሻሽ አስሬ ስለምመጣም አይታው አታውቅም።

«ካንሰር ነበር። ቶሎ ስለታየ ወጣልኝ።»

በጣቷ ጎደሎውን ነካችው። ጣቷ ላይ የነበረው ቅቤ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ?» አለች።

አዘንኩላት። «የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም እማዬ» አልኳት። «ስንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ንግሥ፣ ሁሉም ፀሐይ ላይ ነው። ደግሞም ማን ነግሮሽ?»

እናቴ ልጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት ገባች፤ ቅቤውን በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርግለት ከበሩ ሆኜ አየኋት። ቀጥሎ ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ቃጠሎው ቀላል ነው፣ ይድናል ተባልን፤ ጠብታውም ታዘዘለት። ወንድሜ ዘይት በጠጣ ቱታው መጥቶ ግቢው ላይ ዳስ ሊጥል ቆርቆሮ ሲለካ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻ

እናቴ ልሸኝሽ አለች። ለንግሥ ብቻ የምታወጣትን ባለ ዘርፍ ጥላ ዘርግታ ከላዬ ያዘች። ቁመቷ ከትከሻዬ ስለማያልፍ ሽቦው መንገዱን ሙሉ ባርኔጣዬን ሲጎሽም ተጓዝን። «ተይው፣ እኔ ልያዘው» ብላት አሻፈረኝ አለች። አላፊ አግዳሚው ታቦት ያየ ይመስል መንገድ ለቀቀልን።

መናኸሪያ ስንደርስ የጠዋቱ ሚኒባስ ቆሟል። እናቴ ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ ወልድያ መንገድ አየች፣ እጇን በግንባሯ ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ረዳቱን ጠራችው።

«ልጄን በቀኝ በኩል አስቀምጥልኝ። በግራ ፀሐይ አለች።»

«አውቃለሁ እማማ» አለ ረዳቱ። «ጠዋት ነግራኛለች።»

«እኔ ዛሬ ነው ያወቅሁት» አለች እናቴ።